በጆሮ ውስጥ የሚላከው ኤሌክትሪክ ልኩ ምን ያህል ነው?

መስማት የተሳነው ሰው በቀዶ ሕክምና መሣሪያ በጆሮው ውስጥ ተተክሎለት ሰማ ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። በየስልኩ የሚተላለፈውን ተንቀሳቃሽ ሥዕልም አይተናል፤ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጧል፤ ባለሙያዋ መሣሪያውን ታበራለች፤ ሕፃኑ ዐይኑን አፍጥጦ ወደ እናቱ ይዞራል፤ እናትም ታለቅሳለች። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ተመልካቹን በአንድ ነገር ያሳስተዋል፤ ይኸውም ቀዶ ሕክምናው ተፈጽሞ መሣሪያው ከበራ በኋላ ሥራው ሁሉ ያለቀ ያስመስለዋል። እኛም ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ እስከ ጀመርንበት ጊዜ ድረስ እንደዚሁ ይመስለን ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ያንኑ ጆሮና ያንኑ መሣሪያ ይዞ፥ ኤሌክትሪኩ በአንድ ልክ ሲላክለት የሰው ንግግር ይሰማል፤ በሌላ ልክ ሲላክለት ግን ጣቢያው እንደ ጠፋበት ራዲዮ የሚንጫጫ ነገር ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ መንገዱን ይከፍታል እንጂ መስማትን የሚሰጠው ከዚያ በኋላ የሚመጣው የልክ ማስተካከል ሥራ ነው ብንል ብዙ ማጋነን አይሆንብንም። በዚህ ጽሑፍ ይህ ልክ ምን እንደ ሆነ፥ በማን እንደሚወሰንና ሲሳሳት ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1ኛ/ ጤነኛው ጆሮ እንዴት ይሰማል?

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል፥ ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለና በፈሳሽ የተሞላ ቱቦ አለ። ሊቃውንቱ ኮክሊያ ይሉታል። ተዘርግቶ ቢለካ ርዝመቱ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ቱቦ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተሰለፉ ጥቃቅን ፀጉራም ሕዋሳት ይገኛሉ፤ ከነዚህም መካከል ለመስሚያው ነርቭ ዋናውን ወሬ የሚያቀብሉት 3,500 ያህል ናቸው። ወሬውን ወደ አንጐል የሚያደርሱት የነርቭ ክሮች ደግሞ 30,000 ያህል ይሆናሉ።

የቱቦው አሠራር በበገና ሊመሰል ይችላል። በበገና ላይ እያንዳንዱ አውታር የየራሱ ድምፅ እንዳለው ሁሉ፥ በኮክሊያም ውስጥ እያንዳንዱ ቦታ የየራሱ ድምፅ አለው። በመግቢያው አጠገብ ያለው ቦታ ለቀጭን ድምፅ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ውስጠኛው ጫፍ በተጠጋን ቁጥር ቦታው ለወፍራም ድምፅ የተመደበ ይሆናል። አንጐልም የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በአብዛኛው የሚለየው ወሬው ከየትኛው ቦታ እንደ መጣለት በማወቅ ነው። ይህን የኮክሊያ ጠባይ የመረመረው በሃንጋሪ የተወለደው ጌዎርግ ፎን ቤኬሺ በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ከባድ የመስማት ጉድለት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እነዚህ ፀጉራም ሕዋሳት ሲሞቱ፥ ወይም ሲወለዱ ጀምሮ ሥራቸውን መሥራት ሳይችሉ ሲቀሩ ነው። ነርቩ ግን በብዙ ሰው ዘንድ በሕይወት ይኖራል። አውታሩ አለ፥ የሚነካው ጣት ግን የለም ማለት ነው። ድምፅን አጉልቶ ብቻ የሚያቀርበው ተራው የጆሮ መሣሪያ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ድምፁ ቢጐላም የሚቀበለው ሕዋስ የለምና። ስለዚህ ሕዋሳቱን አልፎ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ መቀስቀስ አስፈለገ።

2ኛ/ መሣሪያው እዚህ እንዴት ደረሰ?

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 ገደማ ራሱ ከሠራው ባትሪ ሁለት ዘንጎች አገናኝቶ በሁለቱ ጆሮዎቹ ውስጥ አገባና ጭንቅላቱን አንዳች ነገር መታው፤ ቀጥሎም ወፍራም ነገር ሲንተከተክ የመሰለ ድምፅ ሰማ። በ1957 ደግሞ በፓሪስ አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤሪዬስ መስማት በተሳነው ሰው ላይ ነርቡን የሚቀሰቅስ ሽቦ ተከሉ። ሰውየው የንግግሩን ምት ይሰማ ነበር እንጂ ከጥቂት ቃላት በቀር ንግግሩን ለይቶ ለመረዳት አልቻለም። ከ1961 ጀምሮ በሎስ አንጀለስ ዊሊያም ሀውስ ሥራውን ቀጠለበት፤ የእርሱም ባለ አንድ መስመር መሣሪያ በ1984 በአሜሪካ በመንግሥት ተፈቀደ። ይህ መሣሪያ የበር መንኳኳትንና የመኪና ጥሩምባን ያሰማ ነበር፤ የሰውን ከንፈር እያየ ለሚያዳምጥም እርዳታው ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ በአንድ አውታር ብቻ በገና አይደረደርም።

ከዚህ በኋላ በ1977 በቪየና ኢንገቦርግና ኤርቪን ሆኽማየር፥ በ1978 ደግሞ በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ ግሬም ክላርክ ብዙ መስመር ያላቸውን መሣሪያዎች በሰው ጆሮ ውስጥ ለማስተከል በቁ። በሜልቦርን በነሐሴ ወር 1978 መሣሪያው የተተከለለት የመጀመሪያው ሰው በሙከራው ጊዜ የብሔራዊ መዝሙሩ ምት በኤሌክትሪክ ሲላክለት ዐውቆት ተነሥቶ ቆመ ይባላል። ምቱን ለይቷል፤ ንግግሩን ለመለየት ግን ገና ሌላ ሥራ ይቀር ነበር። የቀረውም ሥራ ሽቦ የመትከል ሳይሆን፥ በሽቦው ምን ይላክ የሚለውን የመወሰን ሥራ ነበር።

ዛሬ ያለው መሣሪያ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ማይክሮፎንና ትንሽ ኮምፒዩተር አለው። ኮምፒዩተሩ ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በየክፍሉ ይለያይና በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መጠምጠሚያ አማካይነት ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ከቆዳው ሥር ያለው ተቀባይ ደግሞ በኮክሊያው ውስጥ በገባው ቀጭን ገመድ ላይ ወዳሉት ኤሌክትሮዶች ኤሌክትሪኩን ያከፋፍላል። የኤሌክትሮዶቹ ቍጥር እንደ ፋብሪካው ዐይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 22 ነው። አንባቢ ሆይ፥ 3,500 ሕዋሳት ይሠሩት የነበረውን በ22 ነጥብ መተካት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ እዚህ ላይ ልብ በል።

3ኛ/ ልኮቹ የትኞቹ ናቸው?

ሀ/ የታችኛውና የላይኛው ልክ። ባለሙያው ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ሁለት ቍጥሮች ይወስናል። አንደኛው ሰውየው ድምፅን መስማት የሚጀምርበት የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ ሁለተኛው ድምፁ ጐልቶ ግን ሳያስቸግር የሚሰማበት መጠን ነው። መሣሪያው ከዚያ በኋላ የዓለሙን ድምፅ ሁሉ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያደላድለዋል።

ችግሩ በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ በጣም ጠባብ መሆኑ ነው። ጤነኛ ጆሮ ከሚሰማው ከትንሹ ድምፅ አንሥቶ እስከሚያሳምመው ድረስ ያለው ርቀት 120 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ይኸውም በአየር ግፊት ሲለካ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ለሚቀሰቀስ ነርቭ ግን ርቀቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ በኮረንቲ መጠን ሲሰላ ከሦስት እጥፍ እስከ ዐሥር እጥፍ መሆኑ ነው። በጎታ የነበረውን እህል በቁና ለመያዝ እንደ መሞከር ይቈጠራል። በዚህም ምክንያት ትንሽ ስሕተት ብዙ ታበላሻለች።

የታችኛው ልክ ከሚገባው በታች ከሆነ በዝግታ የተነገረው ቃል ይጠፋል፤ ከሚገባው በላይ ከሆነ ደግሞ ማንም ሳይናገር የማያቋርጥ ሽውታ ይሰማል። የላይኛው ልክ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ዓለሙ ሁሉ ከሩቅ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ከፍ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ የሳሕን መጋጨትና የበር መዘጋት ሰውየውን ያስደነግጡታል፤ ሲመረውም መሣሪያውን አውልቆ በመሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከኤሌክትሮዶቹ አንዱ ብቻ ከጓደኞቹ በልጦ ሲጮህም የንግግሩ ቅርጽ ይጣመማል፤ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት ከሌላው ፊደል ሁሉ በላይ እየጐላ ጆሮ ይወጋል።

ለ/ የምቱ ስፋት። ኤሌክትሪኩ የሚላከው ሳያቋርጥ ሳይሆን በአጫጭር ምቶች ነው። እያንዳንዱ ምት ሁለት ገጽ አለው፤ በመጀመሪያ ወደ አንዱ አቅጣጫ፥ ወዲያው ደግሞ በዚያው መጠን ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ በኤሌክትሮዱ ዙሪያ ጐጂ የኬሚካል ለውጥ ይፈጠራልና ይህ ሚዛን አይጣስም። ነርቩ የሚቀሰቀሰው በኮረንቲው ብርታት ብቻ ሳይሆን ኮረንቲው በቈየበት ጊዜም ጭምር ነው። ለምሳሌ 500 ማይክሮአምፔር ለ25 ማይክሮሴኮንድ ቢላክና 250 ማይክሮአምፔር ለ50 ማይክሮሴኮንድ ቢላክ፥ በሁለቱም የተላለፈው የኤሌክትሪክ ብዛት 12.5 ናኖኩሎም ነው፤ የሚሰማውም ጕላት ይቀራረባል።

ይህ የመጽሐፍ ስሌት ብቻ አይደለም። የመስሚያው ነርቭና ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በአጥንት ውስጥ ጐረቤታሞች ስለ ሆኑ፥ በአንዳንድ ሰው ላይ ኮረንቲው ያፈተልክና ድምፅ በተሰማ ቍጥር የዐይን ቈብ ወይም ጕንጭ ይርገበገባል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ብርታቱን ቀንሶ ስፋቱን ይጨምራል፤ ይህም ካልበቃ አጥፊውን ኤሌክትሮድ ይዘጋል። ነገር ግን ለዚህም ዋጋ ይከፈላል፤ ምቱ በሰፋ ቍጥር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚላከው የምት ቍጥር መቀነስ ይኖርበታል።

ሐ/ የምቱ ፍጥነት። በአንድ ኤሌክትሮድ ላይ በሴኮንድ ስንት ምት ይላክ? ከቀድሞዎቹ አሠራሮች አንዱ 250 ያህል ይልክ ነበር፤ ዛሬ 900 የተለመደ ነው፤ ከ1,000 በላይ የሚልኩም አሉ። ከ300 ገደማ በታች ፍጥነቱ ሲጨመር አብዛኛው ሰው ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ይሰማዋል፤ ከዚያ በላይ ግን ልዩነቱን የሚለየው ጥቂት ሰው ነው። ፈጣን ምት የንግግሩን ከፍታና ዝቅታ በጥራት ይሥላል ተብሎ ቢታሰብም፥ በሙከራ ሲታይ አንዱ በ500 የተሻለ ይሰማል፤ ሌላው በ900፤ ሌላው ደግሞ ከዚያ በላይ። በዛ ማለት ተሻለ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

መ/ የድምፁ አመዳደብ። መሣሪያው ከ200 ገደማ እስከ 8,000 ሄርትዝ ያለውን ድምፅ ለኤሌክትሮዶቹ ያከፋፍላል። ገመዱ ግን ብዙውን ጊዜ እስከ ኮክሊያው ጫፍ ድረስ አይገባም። ስለዚህ ወፍራሙ ድምፅ በተፈጥሮ ለቀጭን ድምፅ ወደ ተመደበ ቦታ ይላካል። ቀድሞ ይሰሙ የነበሩ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የባላቸው ወይም የሚስታቸው ድምፅ እንደ ቈርቈሮ ሲንኳኳ ወይም እንደ ሕፃን ቀጥኖ የሚሰማቸው በዚህ ምክንያት ነው። አንጐል ግን ይማራል፤ በወራት ውስጥ የእንግዳው ድምፅ እንግድነት ይቀንሳል።

ሠ/ የመስመሮቹ መደበላለቅ። ኮክሊያው በጨዋማ ፈሳሽ የተሞላ በመሆኑ ከአንዱ ኤሌክትሮድ የወጣው ኮረንቲ ወደ ጐረቤቱም ይፈስሳል። በወፍራም ጓንት በገና እንደ መደርደር ነው፤ ጣት አንዱን አውታር ሲሻ ሦስቱን ይነካል። ሁለት ኤሌክትሮዶች በአንድ ቅጽበት ሲሠሩማ ኮረንቲዎቹ ይደመራሉ። ለዚህ ችግር በ1991 ብሌክ ዊልሰንና ጓደኞቹ በአሜሪካ ያወጡት መላ ትልቅ ለውጥ አመጣ፤ ይኸውም ምቶቹ በአንድ ጊዜ እንዳይላኩ፥ በየተራ ብቻ እንዲላኩ ማድረግ ነው። ሽቦው ያው ሆኖ ሳለ የአላላኩ ሥርዐት ብቻ በመለወጡ ብዙዎች ንግግርን ከንፈር ሳያዩ ለመረዳት በቁ። ክላርክ፥ ኢንገቦርግ ሆኽማየርና ዊልሰን በ2013 የላስከር ሽልማትን በአንድነት ተቀብለዋል።

መደበላለቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። 22 ኤሌክትሮድ ያለው ሰውም በተግባር የሚጠቀመው እንደ 8 ያህል የተለያዩ መስመሮች አድርጎ መሆኑን ምርመራዎች አሳይተዋል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ወሬ የሚያደበላልቁትን ኤሌክትሮዶች መዝጋት መስማትን ያሻሽላል። አራት የቀረው ሰው ግን ጨርሶ ተስፋ የለውም ማለት አይደለም፤ በ1995 ሮበርት ሻነንና ጓደኞቹ ጤነኛ ሰሚዎችን ሲፈትኑ፥ ጸጥታ ባለበት ስፍራ ንግግርን ለመረዳት አራት የድምፅ ክፍሎች ሊበቁ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ጫጫታ ባለበት ግን፥ ለሙዚቃም እንዲሁ፥ አራቱ አይበቁም።

4ኛ/ ስለ ቋንቋችን ጥቂት ቃል

ከላይ እንዳየነው መሣሪያው ጊዜንና ምትን በሚገባ ያስተላልፋል፤ የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት ግን በደካማ ሁኔታ ነው የሚያስተላልፈው። እንደ ቻይንኛ ባለ ቋንቋ የቃል ትርጕም በድምፁ መውጣትና መውረድ ስለሚለወጥ ይህ ጉድለት በብርቱ ይሰማል። በአማርኛ ግን ትርጕም የሚለየው በመጥበቅና በመላላት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ይገኛል ማለት ነው። «ዋና» ላልቶ በውሃ ውስጥ መዋኘት፥ ጠብቆ ደግሞ ዐቢይ ማለት ነው። መጥበቅ በዋነኛነት ፊደሉ የሚቈይበት የጊዜ ርዝመት ስለ ሆነ፥ ልኩ በደኅና የተስተካከለለት ሰው ይህን ለመለየት ጥሩ ዕድል ሊኖረው ይገባል ብለን እናስባለን። ይህ ከመሣሪያው ጠባይ ተነሥተን የምንሰጠው የራሳችን ግምት ነው፤ የቋንቋና የሕክምና ተማሪዎች ተባብረው ቢፈትኑት ደስ ይለናል።

5ኛ/ ልኩን የሚያውቀው ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ትልቁ ነገር ትክክለኛው ልክ በፋብሪካ ተጽፎ የማይመጣ መሆኑ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዐይነት መሣሪያ ቢተከልላቸው እንኳ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም፤ የተረፈላቸው ነርቭ፥ የገመዱ አቀማመጥና በዙሪያው ያደገው ጠባሳ ይለያያልና። በአንዱ ሰው ላይም ቢሆን ልኩ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየተለዋወጠ ይሄዳል። ስለዚህ ሰውየው በተደጋጋሚ ወደ ባለሙያው ይመለሳል፤ ባለሙያውም ምት እየላከ «ሰማህ? በጣም ጮኸ? ከፊተኛው ይበልጣል?» እያለ ይጠይቃል። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ይልካል እንጂ ምን እንደ ተሰማ አያውቅም። የሚያውቀው የሚሰማው ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ መልስ መስጠት የማይችለው ሕፃን እንዴት ይሁን? እርግጥ ነው፥ ነርቩ ለምቱ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ መሣሪያው ራሱ ሊለካ ይችላል፤ በመካከለኛው ጆሮ ያለችው ትንሽ ጡንቻ በጕልህ ድምፅ ጊዜ የምትኰማተርበትን መጠን ማየትም ይቻላል። እነዚህ ጥሩ መነሻዎች ናቸው፤ ነገር ግን ልጁን በቅርብ የሚያይ ሰው ዐይን አይተኩም። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ፥ መሣሪያው በተደረገለት ቍጥር የሚያለቅስ ልጅ፥ «ሰ»ን ከቶ የማይናገር ልጅ እየነገረን ያለው ነገር አለ። በትምህርት ቤትም ይህን ልጅ «ሰነፍ ነው፥ ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ማለት ቀላል ነው። ጥፋቱ ግን የልጁ ሳይሆን የአንድ ቍጥር ሊሆን ይችላል። ቋንቋ የሚለመድበት የልጅነት ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም፤ በተሳሳተ ልክ ያለፈ አንድ ዓመት ተመልሶ አይገኝም።

ከዚህም የተነሣ ለወላጆችና ለረዳቶች ሁሉ የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ከማሰብ በፊት ልኩን ለዓመታት የሚያስተካክል ባለሙያ የት እንደሚገኝ ጠይቁ። በሩቅ አገር ተተክሎለት የሚመለስ ሰው በቅርቡ ባለሙያ ከሌለው ግማሽ ሕክምና ይዞ መጣ ማለት ነው። በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ፤ ባለሙያው በሌላ ከተማ ሆኖ በኢንተርኔት ልኩን የሚያስተካክልበት ዘዴ ተገኝቷል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2017 ከእንዲህ ያለው አሠራር አንዱን ፈቅዷል። ደግሞም መሣሪያው በሌሊት ይወልቃል፥ ባትሪውም ያልቃል፤ ስለዚህ የምልክት ቋንቋን የተማረ ልጅ ምንም የሚጐድልበት ነገር የለም፤ መሣሪያውን የማይፈልግ ሰውም ምርጫው ሊከበርለት ይገባል።

ጓደኞቻችን የምሕንድስና፥ የሕክምናና የቋንቋ ተማሪዎች ሆይ! በአንድ ትንሽ ገመድ ላይ የሦስታችሁም ሙያ ተገናኝቷል። መሐንዲሱ ምቱን ይሠራል፥ ሐኪሙ ገመዱን ያገባል፥ የቋንቋው ሰው ምን እንደ ተሰማና ምን እንደ ቀረ ይመረምራል። ሦስቱም ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ ግን ዝም ብለው ተቀምጠው የሚሰማውን ሰው ማዳመጥ አለባቸው። መስማትን ለሌላው ልንሰጥ የምንችለው አስቀድመን እርሱን በመስማት ነውና።